መግነዜን የለበሰችው ልጅ

የልጅ ልጆቼ ያችን የሆቴሉን ነገር ካልነገሩን ብለው ያዙኝ። ቁርጥራጩን ከሰው አፍ ሰምተዋል። አንዱ መድረክ ላይ ወጥተው ተሳደቡ ይለኛል፣ ሌላዋ የሙሽራ ልብስ ቀደዱ አሉ ትለኛለች። አልተሳደብኩም። አልቀደድኩምም። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ እያወራሁ ትንሿ ትጽፈዋለች፤ መልሳ ስታነብልኝ ያላልኩትን ከጨመረች አስፍቃታለሁ።

ደብሬ እባላለሁ፤ ትውልዴ ኩልመስክ ነው። ባሌ ካረፈ፣ ልጆቼም ጎጆ ከወጡ ወዲህ ቤት አላስቀምጥ አለኝ። ጥቅምትን ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገናን ላሊበላ፣ ሲለኝ ደግሞ ነአኩቶ ለአብ እያልኩ እዞር ነበር። በሄድኩበት እንዝርቴና ባዘቶዬ አይለዩኝም። ባዘቶ ማለት ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ ነው። ቁጭ ባልኩበት እፈትላለሁ፣ ሰው ይገዛኛል፣ በዚያ እኖራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ እናቴ ግራ እጄን በመቀነት እያሰረች ልታስተወኝ ሞክራለች፤ አልሆነላትም። በግራ እጅ የተፈተለ ክር ዙሩ ከሌላው ሴት ሁሉ ክር ተቃራኒ ነው። ዓይን ቶሎ አያየውም፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ሸማኔዎች ያማርሩኝ ነበር። የደብሬ ክር ከሌላ ክር ጋር አልስማማ አለን፣ ጉድለት አለበት ይሉኛል።

ለራሴ መግነዝ መፍተል የጀመርኩት ስልሳ ሲያልፈኝ ነው። አሁን ሰው ሲሞት ከሱቅ አቡጀዲ ተገዝቶ ይጠቀለልና ይሄዳል። እናቴ ግን በገዛ ፈትሏ ነው የተቀበረችው፤ እኔም እንደዚያ ተመኘሁ። ብዙ ሴት ድሩን ከሱቅ ገዝታ ማጉን ብቻ ትፈትላለች። እኔ ቁመቱንም ወርዱንም፣ ድሩንም ማጉንም ፈተልኩ። የመግነዝ ክር በበዓል አይፈተል፤ ቅዳሜን፣ እሁድን፣ የማርያምን፣ የሚካኤልን፣ የጊዮርጊስን ስቀንስ ከወሩ የሚተርፈኝ ቀን ጥቂት ነበር። ከሰው ተጣልቼ ከሆነም ሳልታረቅ እንዝርቱን አልነካውም፤ እናቴ ያሳየችኝ እንዲህ ነው። አራት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ስንቱን ይቅር እንዳልኩ እኔና ያ ክር ነን የምናውቀው።

ክሩን ኩልመስክ ላለው ሸማኔ፣ ለአያ ሞላ ሰጠሁት። ሸምኖ ሲጨርስ እስክመለስ እሱ ዘንድ እንዲቀመጥ ተነጋገርን። አንድ አደራ ብቻ ነበረኝ፤ መቀስ እንዳይነካው። በእኛ ቤት መግነዝን መቀስ አይነካውም፤ ዳርና ዳሩ ክሩ እንደተንዘረፈፈ ይተዋል። በሕይወት ያለ ሰው ከለበሰውም ከዚያ ወዲያ ለሙት አይሆንም። አያ ሞላ ይህን ያውቃል። እሺ አለኝ፤ እኔም ለጥቅምቱ ንግሥ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድኩ።

እዚያ ጉልበቴ አብጦ ተኛሁ። ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል ስል ሁለት ወር አለፈ። የገና ተጓዦች ደግፈው ላሊበላ አደረሱኝ። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ላሊበላ ያኔ በእንግዳ ተጥለቅልቃ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጉልበቴ እስኪጠና ብዬ ከቤተ ጊዮርጊስ በሚወጣው መንገድ ዳር ተቀምጬ እፈትል ጀመር። ጥምቀትን ውዬ ኩልመስክ ሄጄ ጨርቄን አመጣለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ።

ሶስና ያገኘችኝ እዚያ ነው። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የአዲስ አበባ ልጅ። ጉልበቴን ስማ ሰላም አለችኝ፤ አስተዳደጓ ደግ ነው አልኩ በልቤ። ልብስ ፈልሳፊ ነኝ፣ ዲዛይነር ነኝ አለችኝ። በማግስቱ ከገደሉ አፋፍ ባለው ሆቴል ሜዳ ላይ የልብስ ትርዒት አላት፤ ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው መጥቷል። እኔ መድረኩ ዳር ተቀምጬ እንድፈትልላት ፈለገች።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አልኳት።

"ምንም አያድርጉ እማማ። እንዲሁ ይቀመጡልኝ፤ እርስዎ መታየትዎ ብቻ ይበቃል።"

እኔ ሞኝ፣ ፈትሌን አይታ መሰለኝ። ሽበቴን ነው ያየችው። እጄን አላየችም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ከጎኔ አንድ ትልቅ እንስራ አቆሙ፤ ባዶ ነው፣ ውሃም የለበት። አንዷ ሠራተኛ ነጠላዬን ሽበቴ እንዲታይ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ፎቶ አንሺው በወዲያ በኩል ስለሆነ እንዝርቱን ወደ ቀኝ እጄ እንዳዛውረውም ነገረችኝ። በቀኝ እጄ መፍተል አልችልም ልጄ አልኳት።

"ግድ የለም፣ ማስመሰሉ ይበቃል" አለች።

ስልሳ ዓመት ሙሉ ፈትዬ ያን ቀን የፈተልኩ ለመምሰል በማልፈትልበት እጄ እንዝርት ይዤ ተቀመጥኩ። ቁጣዬ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ያኔ ግን ቁጣ መሆኑን አላወቅሁትም፤ የጉልበቴ ሕመም መስሎኝ ነበር።

ሙዚቃው ተነሣ፤ ልጃገረዶቹ እየተከታተሉ መውጣት ጀመሩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁ። ልብስ ሰው የሚሸፍን ነገር ብቻ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። አንዱ ቀሚስ ከደረቱ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ የተጠረበ ይመስላል፤ ድንጋዩን ፈልፍሎ ቤት እንዳወጣው ሰው ሶስናም ጨርቁን እየፈለፈለች አውጥታዋለች። ሌላው ትከሻው ላይ ሸማው ታጥፎ ታጥፎ ቆሟል፤ ልጅቱ ስትራመድ ይተነፍሳል። ይህች ልጅ በመርፌ ነው የምታስበው አልኩ። ደስ አለኝ። ይህን የምላችሁ በኋላ የተናደድኩት ባለማወቅ እንዳይመስላችሁ ነው። አይቻለሁ፤ ገብቶኛልም።

መጨረሻ ላይ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ የሙሽራዋ ልብስ ሊመጣ ነው አለ። ሶስና ይህን ልብስ ከምንም ተነሥታ ነው የፈጠረችው አለ።

ቀጠን ያለች ረጅም ልጅ ወጣች። ከአንገቷ እስከ እግሯ ነጭ ነው፤ ጌጥ የለው፣ ቀለም የለው። ስትራመድ ግን በነጩ ላይ ሌላ ነጭ መስመር ብቅ ይላል፤ ስትዞር ይጠፋል። ነፋስ የሚያልፍበት የገብስ ማሳ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ። የቀሚሱ ጫፍ አልተቀመቀመም፤ ክሩ ተንዘርፍፎ መሬቱን እየጠረገ በበርጩማዬ አጠገብ አለፈ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የያዘው። አንዷን ክር በሁለት ጣቴ መሐል አድርጌ ሴት ሁሉ ክር ስትፈታ እንደምታሻሸው አሻሸኋት። ሌላ ሴት የፈተለችው ቢሆን ይላላ ነበር። ጠበቀ። እንደገና ሞከርኩ። ጠበቀ። በላስታ ምድር እንዲህ የሚከር ክር ከእኔ እጅ በቀር አይወጣም።

ቀሚሱን ጨብጬ ያዝኩት። ልጅቱ ተያዘች። ጎንበስ ብላ፣ "እማማ፣ ይልቀቁኝ፤ ይቀደዳል" አለች በቀስታ።

"ይህ የእኔ መግነዝ ነው" አልኳት፤ እኔም በቀስታ።

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ሰውነቷን ከጨርቁ ለማራቅ የፈለገች ይመስል ትከሻዋን ሰበሰበች፤ የት ትራቀው፣ ለብሳዋለች። ባለ ድምፅ ማጉያው ግን ነገሩ የታሰበበት መሰለውና እየሳቀ መጥቶ ማጉያውን አፌ ላይ ደቀነው። እናም ተናገርኩ። ስድብ አልነበረበትም። ከምንም አይደለም፣ ከአራት ዓመቴ ነው አልኩ። ድሩንም ማጉንም የፈተልኩ እኔ ነኝ፤ የምቀበርበት ጨርቅ ነው፤ ማን እንደቆረጠብኝ ንገሩኝ አልኩ።

አንዱ ለውጭ አገር ሰዎች በቋንቋቸው ተረጎመላቸው። ከዚያ ምን ሆነ ብትሉ፣ አጨበጨቡ። ሁሉም ከወንበራቸው ተነሥተው ነው ያጨበጨቡት። ከፊት የነበሩት ሴትዮ ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻለሁ። ስልክ ያልዘረጋብኝ አልነበረም። ቁጣዬን የትርዒቱ ክፍል አደረጉት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጨርቋን መልሱላት ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ሶስና ከጓሮ ሮጣ መጣችና እኔንም ልጅቱንም ይዛን ገባች። የሆቴሉ ፍራሽ የሚከመርበት ዕቃ ቤት ነው፤ ሌሎቹ ልጃገረዶች ልብስ ይቀይሩ ነበር።

"እማማ፣ ጨርቁን ገዝቼው ነው" አለች ሶስና። "ኩልመስክ ያሉ ሸማኔ ናቸው የሸጡልኝ። የጨርቁ ባለቤት ሞታለች ብለውኛል።"

"የሞትኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ከልጆቹ አንዷ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገቤ ትተኛ የነበረች አንዲት ፈታይ አሮጊት አርፋ እዚያው ተቀብራለች። ወሬው ተራራውን ተሻግሮ ኩልመስክ ሲደርስ እኔን ገድሎ ነው የደረሰው።

"መግነዝ መሆኑንስ ነግሮሻል?"

ለመዋሸት የፈለገች መስሎኝ ነበር፤ አልዋሸችም። "ነግረውኛል" አለች። "ስለዚህ ነው የገዛሁት። ለሞት የተሠራ ጨርቅ ሙሽራ ስትለብሰው ሰው ቆም ብሎ ያስባል ብዬ ነው። እኔ እኮ ልብስ ብቻ አይደለም የምሰፋው እማማ። ሥነ ጥበብ ነው። ሠዓሊ ሸራ ላይ እንደሚሥለው እኔ ጨርቅ ላይ እሠራለሁ።"

"ሠዓሊውስ" አልኳት፣ "ሌላ ሰው ሥሎ በጨረሰው ላይ ነው የሚሥል?"

ልጅቱን አውልቂው አልኳት፤ አወለቀች። ጨርቄን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ወገቡ ላይ ተቆርጧል፣ ደረቱ ላይ ተቆርጧል፤ ከአንዲት ሌላ ሴት ፈትል ጋር ጎን ለጎን ተሰፍቷል። ያ ብቅ ጥልቅ የሚለው መስመር ከዚያ ነው የመጣው። የእኔ ክርና የሷ ክር ፀሐዩን በተቃራኒ ይመልሱታል።

ሶስና አጠገቤ ተንበረከከች። "ይህ ክር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም" አለች። "ሸማኔ ባሳይ ጉድለት ነው ይለኛል። እኔ ግን ጉድለት አልመሰለኝም። ልብሱን በሙሉ በሱ ላይ ነው የሠራሁት።" ከዚያ እጄን አየች፤ ስፌቱን የሚዳብሰውን ግራ እጄን። "ግራኝ ነዎት?"

ያን ጊዜ ነው የባሰ የተናደድኩት። ዕድሜ ልኬን ጉድለት ሲባል የኖረውን ያየች የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ናት። ያየችው እሷ፣ የቆረጠችው እሷ። ያላየኝ ሰው ቢበድለኝ ይቀለኝ ነበር።

ከግራው እጅጌ ጀመርኩ። መቀስ አልጠየቅሁም፤ የስፌቱን ክር በጥርሴ እየበጠስኩ፣ በእንዝርቴ ጫፍ እየሳብኩ ተረተርኩት። እጅጌው ሙሉውን ከእኔ ፈትል የተሠራ ነበር። ሶስና ለመግነዝ እንኳ ከእንግዲህ አይሆንዎትም ስትለኝ ሰማኋት። መቀስ ነክቶታል፣ ሰው ለብሶታል።

"አይሆነኝም" አልኳት። "የእኔ ግን ነው።"

እጅጌው ወለቀልኝ። ወደ ቀኙ ልሻገር ስል ባለ ድምፅ ማጉያው በር እያንኳኳ ለማሳረጊያው ሁሉም ይውጡ፣ የሙሽራዋ ልብስ ይውጣ ይላል። ከውጭ የመጡት ሰዎች የሚጠብቁት እሱን ነው። ሶስና ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ለዚህች ቀን ደክሜያለሁ አለች። ልብሱ ይውጣልኝ፤ በሁሉም ፊት ስምዎን እጠራለሁ፣ የፈተሉት እማማ ደብሬ ናቸው እላለሁ አለች።

ልጅቱ በውስጥ ልብሷ ቆማ ብርዱ ያንዘፈዝፋታል። "ሶስና፣ በአንድ እጅጌ እወጣለሁ" አለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞረች፤ "እማማ፣ እርስዎ ከፈቀዱልኝ።" በዚያ ቤት ፈቃድ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

አሰብኩበት። ጨርቁ ጠፍቶብኛል፤ ስሜ ግን ሊጠራ ነው። ፊደል ለማታውቅ ሴት ስሟ በሕዝብ ፊት መጠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ልበሽው አልኳት። እጅጌዬን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ስሜን ልሰማ በሜዳው አጥር ጥግ ቆምኩ።

ልጅቱ ግራ ክንዷ ራቁቱን ሆኖ ወጣች። ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ። ሶስና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። ብዙ ሰው አመሰገነች፤ ሆቴሉን፣ መብራት የሠሩትን፣ ከውጭ የመጡትን አንድ በአንድ በስማቸው። ዓይናችን አንዴ ተገናኘ። ከዚያ፣ "ይህን ሥራ ለላስታ እናቶች በሙሉ ሰጥቻለሁ" አለችና ማጉያውን መለሰች።

ለላስታ እናቶች በሙሉ። ሁሉንም ጠርቶ ማንንም አለመጥራት እንደሚቻል ያን ቀን ነው የተማርኩ። የመብራት ሠራተኛው ስም አለው፤ የእኔ ስም ግን ላስታ ሆነ።

ጥምቀትን ውዬ ኩልመስክ ሄድኩ። የአያ ሞላ ሚስት በር ላይ ስታየኝ አማትባ ወደ ውስጥ ሸሸች። እሱ ራሱ ሽመናውን ትቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ጨርቁን የሸጠው ለእኔ ብሎ ኖሯል፤ በሰው አገር ያለ ተዝካር ቀረች ብሎ አዝኖ፣ በሸጠበት ገንዘብ ካህናቱንም ድሆቹንም አብልቶልኛል።

"ደብሬ፣ ተዝካርሽን እኮ በልተናል" አለኝ እያለቀሰ።

"ጠላው ጥሩ ወጣ ወይ?" አልኩት።

"ኧረ ግሩም ነበር።"

ሁለታችንንም ሳቅ ገደለን። ይቅር አልኩት፤ ምን ላድርገው። እሱ የበደለኝ የሞትኩ መስሎት ነው። እሷ ግን ቆሜ እያየችኝ ነው።

ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ልብስ መሥራት ሥነ ጥበብ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ነው እላችኋለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። የሶስና እጅ የተባረከ እጅ ነው፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆንብኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ ጨርቅ ከጥጡ እስከ ሰፊዋ ድረስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል፤ ጥበበኛ የሚባለው ግን መጨረሻ ላይ የያዘው ብቻ ነው። ሌላው ባህል ይባላል። ባህል ደግሞ ስም የለውም፣ አይጠየቅም፣ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያነሡታል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የክር ልቃቂት ስሸጥ ለገዢው ስሜን ነግሬ፣ መልሰህ ጥራልኝ እለዋለሁ። ያበደች የሚሉኝ አሉ። ሳይጠራ ግን አልሰጥም። እናንተም የሆነ ነገር አምሮባችሁ ሰው ሲያደንቃችሁ ማን እንደሠራው ጠይቁና ጥሩት። ከባድ ነገር አይደለም፤ አንድ ስም ነው።

አዲስ መግነዝ ጀምሬ ነበር። ዓይኔ ደከመብኝና ከግማሽ ላይ ቆመ። ችግር የለም፤ አቡጀዲውም ጨርቅ ነው፣ አፈሩም አይመርጥም። እጅጌውን ግን ፊቴ ላይ እንዲጥሉልኝ ተናዝዣለሁ። ለሙት አይሆንም የሚለው ሥርዓት የእናቴ ነው፤ እሷን ስደርስ አስረዳታለሁ።

ጦርነቱ አልፎ፣ ሰውም ወደየቤቱ ተመልሶ፣ አምና ዘመዳችን የሆነች የአዲስ አበባ ልጅ ላሊበላ መጥታ ተዳረች። የለበሰችው ነጭ ቀሚስ አንድ እጅጌ ብቻ ነበረው። ቄሱ ክንድሽን ሸፍኚ ብለው ተቆጥተው ነጠላ አለበሷት። ለብቻችን ስንሆን ጨርቅ አንሶብሽ ነው ወይ ልጄ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። በከተማው ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ከለበሰ ዓመታት ሆኖታል፤ የጀመረችውም አንዲት ታዋቂ ዲዛይነር ናት አለችኝና ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሶስና ናት። ፀጉሯ ረዝሟል። አንድ ሰው ስለ ባዶው ግራ ክንድ ይጠይቃታል፣ እሷም ረጋ ብላ ትመልስለታለች፤ እጅጌውን ሆን ብላ እንዳስቀረችው፣ የላስታ እናቶች ድህነት ምልክት እንዲሆን አስባበት እንደነበር ትነግረዋለች።